ጭንቀት፣ ክኒንና የይዋስፍ ማር



የማስተማር ልምምድ የሚጀመርበት ሳምንት ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሎቻችን ምን እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ የትምህርት ዕቅዱን ይጽፋል፣ ይቀዳል፣ መልሶ ይጽፋል። ሌላው ሌሊት ተነሥቶ በኮሪደሩ ይመላለሳል። እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላትም አለች። ሲጠየቁ ሁሉም «ደኅና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይላሉ። የአራተኛ ክፍል ሕፃናት ፊት መቆም ያስፈራኛል ብሎ ማን ይናገራል? መምህር ልንሆን ነው እኮ የመጣነው!

ይህን የምንጽፈው ሐኪሞች ወይም ፈላስፎች ስለሆንን አይደለም። በአንድ ክፍል የምናድር ሠልጣኞች ነን፤ ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን አንድ ነገር ስለ ደረሰ ነው ብዕር ያነሣነው። ነገሩ የደረሰበት ጓደኛችን ጽሑፉን አንብቦ፣ ሁለት ቦታ ላይ አርሞን፣ «ስሜ ይቅር እንጂ ይለጠፍ» ብሎናል።

በቅድሚያ ጭንቀት ምንድን ነው? ሰው አደጋ የመጣበት ሲመስለው አንጎሉ ለሰውነቱ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደምም ከሆድ ዕቃ እየቀነሰ ወደ ክንድና ወደ እግር ጡንቻ ይሄዳል፤ ሆዳችን የሚገለባበጠውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ሁሉ ዝግጅት ጫካ ውስጥ ነብር ላጋጠመው ሰው ይጠቅመዋል፤ ወይ ይሮጥበታል ወይ ይታገልበታል። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ግን ወዴት ይሮጣል? ኃይሉ መውጫ ሲያጣ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ በግንባሩ ላይ ላብ ይሆናል።

እንግዲህ ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ፈተናው ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ፍርሃት ተፈጥሮ ነው። በሽታ የሚሆነው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ሳይለቅ ለወራት ሲቆይ፣ እንቅልፍና ሥራ ሲነሣ፣ ወይም ያለ አንዳች ምክንያት ድንገት መጥቶ «አሁን መሞቴ ነው» ሲያሰኝ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መድኃኒት መፈለግ ብዙ ስሕተት ያመጣል። እኛም የተሳሳትነው አንዱ እዚሁ ላይ ነው።

ስለ ቡና ሳንናገር ማለፍ አይቻልም፤ ያለነው ከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ ጫካችንን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግበው የዱር ቡናችን ስሙን ካስጠሩት ነገሮች አንዱ ነበር። «ቡኖ» ሳይጠጣ የሚጀመር ቀን እዚህ ቀን አይባልም። ታዲያ ካፌይን የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንጎላችን ውስጥ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለውን መልእክት የሚያደርስ አዴኖሲን የሚባል ነገር አለ፤ ካፌይን ቀድሞ መቀመጫውን ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፣ መልእክተኛው በር ላይ ተከልክሎ ነው። ከጠጣነው ውስጥ ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ደማችን ውስጥ አለ። ስለዚህ ከእራት በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እየጠጣ ያጠና ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ልቡ ሲመታበት «ጭንቀቴ ተነሣ» ይላል፤ የተነሣው ግን ቡናው ነው። ቡናችንን መስደባችን አይደለም፣ ማን ደፍሮ! ሰዓቱን እናስተካክል ለማለት ነው። ጫት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መርቅኖ ያመሸ ሰው ለመተኛት «ጨብሲ» ይላል፣ ወይም ክኒን ይጠይቃል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚያመጣው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ታሞ ለነበረበት ጊዜ ታዝዞለት የተረፈ ዲያዚፓም ከቤት ይዞ መጥቶ ነበር። በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ጠዋት አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ዋጠ። እውነቱን እንናገር፦ ክኒኑ ሠራ። እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ድምፁ አልቀጠነም፣ ክፍለ ጊዜውን በሚገባ ጨረሰ። የተመለከቱት መምህር በማስታወሻቸው ላይ «የረጋ ነው» ብለው ጻፉለት። እኛም ሳንደብቅ ቀናንበት። ክኒኑ እንደ ስኳር ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ይጥለው ነበርና ይህ ጽሑፍም አይጻፍም ነበር።

ዲያዚፓም ማለት እ.ኤ.አ. በ1963 ሮሽ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ቫሊየም በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው፣ ሊዮ ስተርንባክ የተባሉ ኬሚስት የሠሩት መድኃኒት ነው። አሠራሩን በመኪና ብንመስለው ይቀላል። አንጎል ፍሬን አለው፤ ጋባ ይባላል፣ የነርቮችን ጩኸት ዝቅ ያደርጋል። ዲያዚፓም ይህን ፍሬን አጥብቆ ይረግጠዋል። ሐኪም ለትክክለኛው በሽተኛ፣ በትክክለኛው መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲሰጠው የሰው ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት «ሌላ ሰው ፍሬን እየረገጠልኝ ነው» ብሎ የራሱን እግር ቀስ በቀስ ያነሣል። ያኔ የትናንቱ መጠን ዛሬ አይበቃም። ይህ ለመሆን ዓመታት አይፈልግም፣ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል።

ጓደኛችንም እንዲሁ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ዋጠ። ከቤት የመጣው ሲያልቅ ከሌላ ሰው ያገኝ ጀመር፤ ከማን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በቀን ስድስት ደርሶ ነበር። ከዚህም ሌላ መርሳት መጣ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የክፍልፋይ ጥያቄ ጽፎ፣ ዞር ብሎ፣ እንደገና ያንኑ ጥያቄ መጻፍ ሲጀምር አንዲት ሕፃን «ቲቸር፣ አሁን እኮ ጻፉት» አለችው። ማታ ይህን ሲነግረን አለቀሰ።

የምሥራቁ ፍልስፍና ወደ ክፍላችን የገባው በዚሁ መካከል ነው። አንዱ ጓደኛችን ስለ ቡድሃ የሚናገር መጽሐፍ ተውሶ መጣ። መጀመሪያ ሣቅንበት። «አሁን ደግሞ ሕንድ ልንሆን ነው?» ያለም ነበር፤ ሌላው «ከእምነቴ ጋር አይሄድም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከመካከላችን የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰው ግን የሕይወት ታሪኩን ጥቂት ሲያዳምጥ ቆየና «ይህማ የይዋስፍ ታሪክ ነው» አለ። ደነገጥን። ስንመረምረው እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ኔፓልና ሕንድ በሚዋሰኑበት አካባቢ፣ ሲድሃርታ ጋውታማ የሚባል የመሳፍንት ልጅ ነበር። እንደሚተረከው አባቱ ልጁ ሐዘን እንዳያይ ብሎ በቤተ መንግሥት ውስጥ አጥሮ አሳደገው። አንድ ቀን ግን ወጣና ሽማግሌ፣ ሕመምተኛና አስከሬን አየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣ፤ የሚበላው አልጣፈጠው፣ እንቅልፉ ጠፋ። (ለእኛ ይህ የታወቀ በሽታ ይመስላል!) ይህ ታሪክ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ፣ የክርስቲያን መስፍን ታሪክ ሆኖ ተለወጠ። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የቡድሃ ማዕረግ በዐረብኛ «ቡዛሳፍ» ተባለ። በዐረብኛ ፊደል የቃል መጀመሪያ ላይ «በ» እና «የ» የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነውና አንድ ጸሐፊ ነጥብ ቢጨምር «ዩዛሳፍ» ሆነ፤ እየተላለፈ ሄዶ በእኛ ዘንድ ይዋስፍ ተባለ። በረላምና ይዋስፍ የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የኢማም አሕመድ ጦርነት ካበቃ ገና አሥር ዓመት ሲሆነው ነው። እርግጥ ነው፣ በግዕዙ መጽሐፍ ያለው ትምህርት የክርስትና እንጂ የቡድሃ አይደለም። ግን የተጨነቀው የመስፍን ልጅ ታሪክ ባዕድ ነው እንዳንል ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች አንዱን ጓደኛችን በራሱ አነጋገር ነገረን። አንድ ሰው ከአስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ሲወድቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዝና ይንጠለጠላል። «ተረፍኩ» ብሎ ወደ ታች ሲያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ወደ ዛፉ ሥር ሲያይ ደግሞ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ፣ ማለት ቀንና ሌሊት፣ ሥሩን እየቆረጠሙ ነው። በዚህ መካከል ከቅርንጫፉ የማር ጠብታ ይንጠባጠባል። ሰውየው ምላሱን ዘርግቶ ይልሳል፤ እየላሰም አውሬውን፣ ዘንዶውን፣ አይጦቹን ሁሉ ይረሳል።

የከፋ ልጆች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፤ ማር ቆራጩ ከፍታው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራውን ሥራ ከልጅነታችን ጀምሮ አይተናል። ማር ጣፋጭ አይደለም ብሎ የሚከራከረን የለም። ግን ዛፍ ላይ ሆኖ ገመዱን የሚረሳ ማር ቆራጭ አይተን አናውቅም። በምሳሌው ውስጥ ማሩ የዓለም ደስታ ነው፤ እኛ ግን በዚያች ሌሊት ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ አንድ ሰው የትራስ ሥር ነው ያየነው።

ከራሱ ከቡድሃ ትምህርት ደግሞ በጣም የጠቀመን የሁለቱ ፍላጻዎች ነገር ነው። ሰው በፍላጻ ሲመታ ያመዋል፤ ይህ አንደኛው ፍላጻ ነው፣ ማንም አያመልጠውም። አላዋቂው ግን ወዲያው ሁለተኛ ፍላጻ በራሱ ላይ ይጨምራል። እኛ ክፍል ውስጥ ልብ ሲመታ አንደኛው ነው። «ለምን ይመታል? ተማሪዎቹ አዩኝ፣ ይሥቁብኛል፣ እወድቃለሁ፣ አባቴ ምን ይላል» የሚለው ሁለተኛው ነው። የምሥራቆቹ ሥልት አንደኛውን እንደ ሆነ መቀበል፣ ሁለተኛውን አለመወርወር ነው። አደራረጉም ቀላል ነው፦ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ መከታተል፣ አየር ሲወጣ ትንሽ ማርዘም፣ ሐሳብ ሲሸሽ ሳይቆጡ መመለስ። ሲሞክሩት ግን ቀላል አይደለም! መጀመሪያ ቀን አንዳችንም ከአሥር ትንፋሽ በላይ መቁጠር አልቻልንም፤ አንዱ ተኝቶ አንኮራፋ። ትንፋሽን ለመቁጠር ማንም እምነቱን እንዲለውጥ አይጠየቅም። ያ ፊቱን አዞረ ያልነው ልጅ አሁን ከጸሎቱ በፊት ያደርገዋል።

ይህ ነገር በሳይንስ ተፈትኗል ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ትምህርት ሃይማኖቱን ለይተው የስምንት ሳምንት ሥልጠና አዘጋጁ። በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ይህን ሥልጠና፣ ለግማሾቹ ኤሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት ሰጠ፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ የሁለቱም ጭንቀት የቀነሰው ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነበር። እዚህ ላይ ልብ ይባል። ሠልጣኞቹ አሠልጣኝ ነበራቸው፣ በየቀኑም ይለማመዱ ነበር። መድኃኒቱንም የሰጠ ሐኪም እንጂ የክፍል ጓደኛ አይደለም። ደግሞም ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽ ሲከታተል ጭንቀቱ የሚብስበት ሰው አለ፤ ከእኛም አንዱ እንዲህ ሆኖ፣ ዓይኑን ገልጦ በዝግታ እየተራመደ ማድረጉ ተሻለው።

እኛ ግን ያኔ የሰማነው ግማሹን ብቻ ነበር። ፍልስፍናው ስለ ጣፈጠን ጓደኛችንን ከብበን «ማሩን ትፋው!» አልነው። እሱም ተነሥቶ ክኒኑን በሙሉ ሽንት ቤት ጣለ። አጨበጨብን። ሦስት ቀን ደኅና ነበር፤ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ትንፋሹን ይቆጥር ነበር። በአራተኛው ቀን እንቅልፍ አጣ። ያልበው ጀመር፣ የበር ድምፅ ያስበረግገዋል፣ የአምፖል ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። «ልማዱ እየወጣለት ነው፣ ታገሥ» አልነው። አንዳንዶቻችንም እንደ ትልቅ መምህር «አንደኛው ፍላጻ ብቻ ነው» እያልን መከርነው። ዛሬ ስናስበው ያሳፍረናል።

በሰባተኛው ሌሊት አንቀጠቀጠውና ከአልጋው ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ። «ክብሪት አሽትቱት!» ያለ ነበር፤ ሌላው አፉ ውስጥ ማንኪያ ሊከት ሲል የጥበቃ ሠራተኛው ደርሰው ከለከሉት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ባጃጅም አስጠሩልን። ሆስፒታል እንደ ደረስን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ምን ይወስድ ነበር? መቼ አቆመ?» ብለው ነው። ተያየን። የሚመልሰው ጠፋ። በመጨረሻ አንዳችን አፍ አውጥቶ ተናገረ።

በመርፌ የሰጡት መድኃኒት ያው ዲያዚፓም ነበር። ግራ ሲገባን ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን። ሰውነት የራሱን ፍሬን ትቶ በክኒኑ ፍሬን ሲኖር ቆይቶ፣ ያ ድንገት ቢነሣ፣ መኪናው ቁልቁለት ላይ ነው። ዲያዚፓም ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ መዘዙ በማግሥቱ አይታይም፤ ቀናት ካለፉ በኋላ ይመጣል፣ ሰውም «አለፈልኝ» ብሎ ከተዘናጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሳምንታት በየቀኑ የወሰደ ሰው በራሱ ጊዜ አያቆምም፤ በሐኪም ቁጥጥር ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ ነው የሚወጣው። ለጓደኛችንም እንዲሁ ተደርጎ ወራት ወሰደ።

ሐኪሙ የነገሩን ሌላም አለ። ዲያዚፓም ከአረቄ፣ ከጠጅ ወይም ከትራማዶል ጋር ከተደባለቀ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል። ትራማዶል ለሕመም ማስታገሻ የተሠራ እንጂ ለሐሳብ አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ ራሱ የሚጥል ነው። ልብን ያረጋጋል ተብሎ ለፈተና የሚዋጠው ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን ካለፈ ልብን ይመታል። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈልጉ በፈተና ዋዜማ የጓደኛን መዋጥ ከንቱ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሐኪም ያዘዘለት ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ መድኃኒቱን ቢጥል ዋናውን ነገር ሳያነብ ቀረ ማለት ነው፤ ጠበል የሚሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ።

«ወደ ሐኪም ሂድ» ማለት ለምን እንደሚከብድ እናውቃለን። አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ራሱ መሳለቂያ ሆኖ ቀርቷል፤ «አማኑኤል ሊወስዱህ ነው» ይባላል። ዛሬ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮግራም የአእምሮ ሕመም በየጤና ጣቢያው፣ በጠቅላላ ሐኪሞች፣ በነርሶችና በጤና መኮንኖች ጭምር እንዲታከም የታሰበ ነው፤ አገራችንም ተቀብላ ጀምራዋለች። ቦንጋ ላይ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ካለፈም ጅማ ሩቅ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ለተማሪዎቻችን ስናስተምር የኖርን ሰዎች ራሳችን በትራስ ሥር ደብቀን መገኘታችን ትንሽ ያሥቃል፣ ትንሽም ያሳዝናል።

ጓደኛችን በዚህ ሴሚስተር ልምምዱን እንደገና ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ተቀምጠን ስናየው ገና ቾኩን ሲያነሣ እጁ ተንቀጠቀጠ። አልደበቀውም። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ቀኑን መጻፍ ጀመረ፣ ቾኩ ለሁለት ተሰበረ። ልጆቹ ሣቁ። እሱም ሣቀና ሌላ ቾክ አነሣ።